የጣሳ አበባና የእኛ እንዳሁላ
(በአርባ ምንጭ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምንናገረው ስለ ጣሳ አበባ ነው። «የእርሻ ተማሪዎች እንሰትንና ሙዝን ትተው ስለ መስኮት ጌጥ ያወራሉ» የሚለን እንደሚኖር እናውቃለን። ነገር ግን ጌጡ ለሌላው ዓለም ንግድ ነው፤ ለእኛም የሀብትና የመብት ጥያቄ አለበት።

የጣሳ አበባ የሚወደደው እጥር ምጥን ብሎ ሲያብብ ነው። ረዝሞ የተንዘላዘለው በጭነት ጊዜ ይሰበራል፤ ቦታም ይፈጃል። ስለዚህ አትክልተኞች እንደ ፓክሎቡትራዞል ያለ ዕድገት የሚገታ ኬሚካል ይሰጡታል። ኬሚካሉ ግን ገንዘብ ያስወጣል፤ በአፈር ውስጥም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ታዲያ ተክሉ ራሱ አጭር ሆኖ እንዲበቅል ማድረግ አይቻልምን?

ይቻላል። በአፈር ውስጥ ሪዞቢየም ራይዞጄነስ የምትባል ባክቴሪያ አለች። ተክል ሲቆስል በቁስሉ ገብታ ከራሷ ዘረ መል ከፍላ በተክሉ ዘረ መል ውስጥ ታስገባለች። በቁስሉም ላይ እንደ ጠጉር የበዛ ሥር ይወጣል። ከዚህ ሥር በላቦራቶሪ ሙሉ ተክል ሲያሳድጉ፥ ሮል የተባሉት የባክቴሪያዋ ዘረ መሎች ተክሉን አጭርና ቅርንጫፈ ብዙ ያደርጉታል። የኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካላንኮ በተባለው አበባ ላይ ይህን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። እንከን የለውም አንልም፤ አበባው ሊዘገይ፥ ቅጠሉም ሊጨማደድ ስለሚችል እንደገና ማዳቀልና መምረጥ ያስፈልጋል።

«ተፈጥሮን መድፈር ነው» የሚል ቢኖር ስኳር ድንችን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት 291 የስኳር ድንች ናሙናዎችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ የዚህች ባክቴሪያ ወገን ዘረ መል አግኝቷል። እንግዲህ በጋሞና በወላይታ ቀቅለን የምንበላው ስኳር ድንች፥ ላቦራቶሪ ሳይታሰብ ተፈጥሮ ራሷ ዘረ መል ያዛወረችበት ተክል ነው።

ካላንኮም ለእኛ ባዕድ አይደለም። በዓለም ገበያ የታወቀው ዐይነት ከማዳጋስካር የሄደ ነው። በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ግን እንዳሁላ የምንለው የቅርብ ዘመዱ ይበቅላል፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ለቁስልና ለስብራት መድኃኒት ያደርጉታል። ዛሬ ከአጥር ሥር ዝም ብለን የምናልፈው እንዳሁላ ነገ በሌላ አገር አጥሮና አምሮ፥ በሌላ ስም በገንዘብ ቢመለስልን ምን እንላለን?

የጤፍን ነገር አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2005 አገራችን ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ውል ገባች፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ የታሰበው ጥቅም አልመጣም። በጤፍ ላይ የተያዘው ፓተንት ዋጋ የለውም ተብሎ በዚያው አገር ፍርድ ቤት የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የዕፀዋት ሀብታችን ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ፥ ከጥቅሙም ማኅበረሰቡ እንዲካፈል ያዝዛል። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001፥ በ2007 ዓ.ም. ከተሻሻለው ጋር፥ ልውጥ ሕያዋንን ይቆጣጠራል። ነገር ግን ሕግ ብቻውን አበባ አያበቅልም፤ ሀብቱን የሚያውቅና የሚሠራበት ሰው ይሻል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ ዳገት ወጥተን፥ ባለመሬቱን አስፈቅደን እንዳሁላን እንፈልግ፤ ቁመቱን እንለካ፤ የበቀለበትን ቦታ እንመዝግብ። በተፈጥሮው አጭር የሆነ ካገኘን መምረጥ ብቻ ሊበቃን ይችላል። ሁለተኛ፥ ይህ ተክል ከቁራጭ በቀላሉ ስለሚበቅል ማባዛትን በእርሱ እንለማመድ። መምህራኖቻችንም የላቦራቶሪውን በር እንዲከፍቱልን እንጠይቃለን። ሦስተኛ፥ በባክቴሪያዋ ከመሥራታችን በፊት ሥራው በአዋጁ ይገዛ እንደሆነ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በጽሑፍ እናቅርብ።

ጓደኞቻችን! የሌላውን ጥበብ ማድነቅ ጥሩ ነው፤ በደጃችን የበቀለውን ሳያውቁ መመረቅ ግን ለእርሻ ተማሪ አይገባም። በመጪው ክረምት እንዳሁላ ሲለመልም ዳገቱን አብራችሁን የምትወጡ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሓፊ ስጡ።