«ኢት» ስለምትባል ትንሽ ቃል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የምናገረው ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ነው ስል አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ስታጨማድዱ አያለሁ። ነገር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ጓደኛዬን ስላስቀጣሁት፥ ነገሩ ለእኔ የደብተር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከቤተ መጻሕፍት አንድ መዝገበ ቃላት ታጣ። በመጨረሻ ይዘነው የነበርነው እኔና በአጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ስለ ሆንን፥ የምናውቀውን በእንግሊዝኛ ጽፈን እንድንሰጥ ታዘዝን። እኔ መጽሐፉ ከመደርደሪያው ተመልሷልና ጠፋ መባሉ ሐሰት ነው ለማለት ፈልጌ፥ «ኢት ዋዝ ኖት አይ ሁ ሎስት ዘ ዲክሽነሪ» ብዬ ጻፍሁ። ይህም «መዝገበ ቃላቱን ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም» ማለት ነው። መምህሩ አንብበው «እንግዲያው ማን ነው?» አሉ። የቀረው ጓደኛዬ ብቻ ነበርና ለአንድ ሳምንት ቤተ መጻሕፍት እንዳይገባ ተከለከለ። መጽሐፉ ለካስ ከመደርደሪያው ኋላ ወድቆ ኖሯል።

መጻፍ የነበረብኝ «ኢት ኢዝ ኖት ትሩ ዛት ዘ ዲክሽነሪ ኢዝ ሎስት» የሚለውን ነበር። ሁለቱም በ«ኢት» ስለሚጀምሩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ለየብቻ ነው።

እንደ ፊተኛው ያለውን፥ ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ባሳተመው «አናሊቲክ ሲንታክስ» በተባለው መጽሐፉ የተሰነጠቀ ዓረፍተ ነገር ብሎታል። አንዱ ሐሳብ ለሁለት ተሰንጥቆ አንደኛው ክፍል ጎልቶ ይወጣል፤ የቀረው ግን አስቀድሞ እንደ ታመነ ነገር ይቆጠራል። እኔንም ያጠመደኝ ይኸው ነው፤ የመጽሐፉን መጥፋት በገዛ እጄ አምኜ ፈረምሁ። በኋለኛው ግን «ኢት» የይስሙላ ባለቤት ነው፤ እውነተኛው ባለቤት ከኋላ ይመጣል። «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ሲባል ደግሞ ከኋላም የሚመጣ የለም። እኛ «ነጋ»፥ «መሸ» ስንል ማን ነጋ ብሎ የሚጠይቀን የለም፤ እንግሊዝኛ ግን ባለቤት ያልቆመለትን ግሥ አይወድም።

እንዴት እንለያቸው? «ኢት ዋዝ ኦን መንደይ ዛት አልማዝ ኬም» ከሚለው ውስጥ «ኢት ዋዝ»ንና «ዛት»ን ብታወጡ፥ ከቀሩት ቃላት «አልማዝ ኬም ኦን መንደይ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይገጠማል። «ኢት ኢዝ ክሊር ዛት አልማዝ ኬም» ከሚለው ብታወጡ ግን «ክሊር» ቦታ አጥታ ትቀራለች። ከዚህ ይልቅ እኔን የረዳኝ የገዛ ቋንቋችን ነው። የመጀመሪያውን «አልማዝ የመጣችው ሰኞ ነው»፥ ሁለተኛውን «አልማዝ መምጣቷ ግልጽ ነው» እንላለን። «የመጣችው» እና «መምጣቷ»! በአማርኛ ሕፃን እንኳ አያቀላቅላቸውም፤ እኛ ግን በፈተና ወረቀት ላይ እናቀላቅላቸዋለን።

አንዳንድ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን ብቻ ማየት አይበቃም። «ኢት ኢዝ ዘ ቡክ ዛት አይ ኒድ» የሚለው፥ ምን ያስፈልግሃል ለሚል ሰው ከተመለሰ የተሰነጠቀ ነው። በእጅህ ያለው ምንድር ነው ለሚል ከሆነ ግን «ኢት» መጽሐፉን የሚያመለክት ተራ ተውላጠ ስም ነው። ስለዚህ ጥያቄውን መስማት ያስፈልጋል።

ያ ጓደኛዬ ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጧል። ይህን ንግግር አስቀድሜ ባነበብሁለት ጊዜ ስቆ፥ «ያስቀጣኸኝ አንተ ነህ» አለኝ። ይህም የተሰነጠቀ ነው።