የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ እየቀዱ ስለ መማር
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሥዕል ትምህርት እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሞ በራሴ ጥፋት የሆነውን አንድ ነገር ለመናዘዝ ወሰንሁ። ማስተማር በጀመርሁበት ዘመን፥ ከአሮጌ ቀን መቁጠሪያ የተገነጠሉ የመልክዐ ምድር ሥዕሎችን ለተማሪዎቼ አድዬ፥ በየቤታቸው ቀድተው እንዲያመጡ አዘዝኋቸው። አንዱ ልጅ ሥዕሉን ከመስኮት መስተዋት ላይ ለጥፎ፥ ወረቀቱን በላዩ ደርቦ፥ መስመሩን ሁሉ አንድም ሳያስቀር አወጣው። አንዲት ልጅ ደግሞ ዛፎቿ የተንጋደዱ፥ ቤቷም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሥራ አመጣች። ነገር ግን የዛፎቹ ጨለማ ከወንዙ ብርሃን ጋር የነበረው ልክ በዋናው ሥዕል እንዳለው ነበር። ወረቀቱን ከክፍሉ መጨረሻ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ወንዙ ያበራ ነበር። እኔ ግን ለልጁ ከ10 9፥ ለእርሷ 4 ሰጠሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሥዕል ደብተሯን ይዛ ስትመጣ አላየኋትም።

የተሳሳትሁት ነጥብ በመስጠት ብቻ አልነበረም። ማየት ማለት ምን እንደ ሆነ ለክፍሉ ሁሉ በሐሰት መሰከርሁ።

መቅዳት የሚለው ቃል በትምህርት ቤታችን ስሙ ጠፍቷል፤ ወዲያው ኩረጃን ያሳስበናልና። በቋንቋችን ግን ከምንጭ ውኃ ማምጣትም መቅዳት ይባላል። የሥዕል ተማሪ ከሚያደንቀው ሠዓሊ የሚቀዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቅንብር ነው፤ ይኸውም ትልቁና ትንሹ፥ ቅርቡና ሩቁ፥ የተሞላውና ባዶው ስፍራ በሥዕሉ ሜዳ ላይ የተደለደለበት ሥርዓት ነው። ሁለተኛው የብርሃንና የጥላ ደረጃ ነው፤ ቀለሙ ቀይ ነው ወይስ አረንጓዴ ሳይባል፥ ከነጭ እስከ ጥቁር ባለው መሰላል በየትኛው እርከን ላይ እንደሚቆም ማለቴ ነው። የበሰለ በርበሬና ጥሬ ቃሪያ ለዓይን እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ግን አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ቀለም በቀለም ላይ ሲደራርብ ይኖራል፤ ሥዕሉም ድፍርስ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የራሱን ከመቍጠሩ በፊት የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ይመረምራል፤ ቁም ጸሐፊም እጁን የሚያሠለጥነው የሊቁን ፊደል እያየ በመጻፍ ነው። በሥዕልም ረገድ ግልጽ ምስክር አለን። በ1590ና በ1591 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በሮማ ከተማ በዓረብኛ የታተመ ወንጌል አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸውና በእንጨት የተቀረጹ ሥዕሎች ነበሩበት። ያ መጽሐፍ ወደ አገራችን ገብቶ የ17ኛው መቶ ዓመት ሠዓሊዎቻችን ሥዕሎቹን በብራና ላይ ቀዱ። የሰዎቹን አቋቋም፥ የእጃቸውን አዘረጋግ፥ የስብስቡን ቅንብር ወሰዱ። ጥላ ለመሥራት የተጫሩትን ቀጫጭን መስመሮች ግን ትተው፥ ስፍራውን በቀይ፥ በቢጫና በአረንጓዴ ሞሉት። በጥቁርና ነጭ የተጻፈውን በቀለም ተረጐሙት ማለት ነው።

ይህን የትርጓሜ ሥራ ከብዙ ዘመን በኋላ በፈረንሳይ አገር እናገኘዋለን። ሆላንዳዊው ቪንሰንት ቫን ጎግ ሠዓሊ ለመሆን የቈረጠው በ1880፥ በ27 ዓመቱ ነበር። ያን ጊዜ ከሻርል ባርግ የሥዕል መማሪያ ገጾች ደጋግሞ ይቀዳ ነበር። ጀማሪ ነበርና ይህ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው፥ በ1889 በሳን ረሚ ሆስፒታል ታሞ ሳለ፥ የራሱን መንገድ ካገኘ በኋላ፥ እንደ ገና ወደ መቅዳት መመለሱ ነው። ከፊቱ ተቀምጦ የሚሣልለት ሰው ስለ አጣ፥ ከ1875 በፊት የኖረውን የዣን ፍራንሷ ሚዬን ሥራዎች ከጥቁርና ነጭ ኅትመት እያየ በጥቂት ወራት ውስጥ 20 ያህል ሸራ ሠራ። ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤም ሥራውን ወደ ሌላ ቋንቋ እንደ መተርጐም ቈጥሮታል።

ከእነዚህ መካከል የቀትር ዕረፍት የሚያሳየውን ሥዕል እስቲ እንመልከት። አጫጆች ባልና ሚስት በክምር ጥላ ተኝተዋል፤ ጫማው ወልቋል፥ ሁለቱ ማጭዶች ከአጠገባቸው ተቀምጠዋል፥ ከሩቅ በሬዎችና ጋሪ ይታያሉ። ይህ ሁሉ የሚዬ ቅንብር ነው። ቫን ጎግ አንዱንም ከቦታው አላናወጠም። ሚዬ ባጨለመበት ስፍራ ግን ሰማያዊ፥ ባበራበት ስፍራ ቢጫና ብርቱካንማ አኖረ። ቀለሙ ፈጽሞ የራሱ ነው፤ አጥንቱ የሚዬ ነው። እኔ በበኩሌ ሚዬን እጅግ የተማርሁት ከራሱ ሥዕሎች ይልቅ ከዚህ ቅጂ ነው ብል አላፍርም።

ሩበንስም ዕድሜው ከ50 አልፎ፥ ስሙ በነገሥታት አደባባይ ከታወቀ በኋላ፥ በ1628ና በ1629 በማድሪድ ተቀምጦ የቲሲያንን አዳምና ሔዋን ቀድቷል። አዳምን ግን ወደ ኋላ ዘንበል አደረገው፤ አንድ በቀቀንም ጨመረ። ሁለቱም ሥዕሎች በፕራዶ ሙዚየም ይገኛሉ።

እንግዲህ በክፍላችን ምን እናድርግ? ከሰልና ተራ ወረቀት ይበቃል። ተማሪው የመረጠውን ሥዕል ዓይኑን አጥብቦ ይመልከት፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ታላላቆቹ የብርሃንና የጨለማ ክፍሎች ብቻ ይቀራሉ። እነዚህን ከክብሪት ሳጥን በማይበልጥ ስፍራ፥ በነጭ፥ በግራጫና በጥቁር ብቻ ይሣል። ፊት፥ ጣት፥ ቅጠል አይፈቀድለትም። ከዚያ ዋናውን ሸፍኖ ከአእምሮው ይድገመው፤ ገልጦም የረሳውን ይመርምር። የረሳው ነገር ያላየው ነገር ነው። በመጨረሻም ያንኑ የብርሃንና የጥላ አደላደል ይዞ የራሱን ሰፈር ይሣልበት፤ በክምሩ ቦታ ጎጆ፥ በአጫጆቹ ቦታ እናቱ ቡና ስታፈላ ትኑርበት።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በስልክ መስታወት ላይ የሚታይ ሥዕል ከዋናው ይልቅ የበራ ወይም የጨለመ ሊሆን ስለሚችል፥ መምህሩ የአንዱን ሥዕል ሁለት ቅጂ አግኝቶ ቢያስተያይ መልካም ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንንም በአውሮፓ የጥላ ሕግ አንመዝናቸው። በእነርሱ ዘንድ ጻድቅ በሙሉ ፊቱ፥ ክፉ ሰው በአንድ ወገን ፊቱ ይሣላል፤ ተማሪው ከእነርሱ የሚቀዳው ሌላ ሥርዓት ነው፥ በቅንብር ግን እጅግ ሀብታም ናቸው። የተቀዳ ሥራ ሁሉ ከማን እንደ ተቀዳ በግርጌው ይጻፍበት። በሉቭር ሙዚየም የሚቀዱ ሠዓሊዎችም የሸራቸው መጠን ከዋናው የተለየ እንዲሆን የሚታዘዙት ቅጂው በዋናው ስም እንዳይሸጥ ነው።

የትምህርት ሹማምንትን አንድ ነገር እለምናለሁ። የሥዕል ክፍለ ጊዜ በፈተና ሰሞን ለሌላ ትምህርት የሚበደር ትርፍ ሰዓት መሆኑ ይቅር፤ ሦስት ትንንሽ ቅጂዎችን ለማረም እንኳ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል።

ባልደረቦቼ ሆይ፥ በኋለኛው ጠረጴዛ ላይ ከሰል፥ ወረቀትና የቀትር ዕረፍቱ ሥዕል ኅትመት ተዘጋጅተዋል። በሻይ ሰዓት እያንዳንዳችሁ አንዳንድ እንድትሞክሩ እጋብዛለሁ። መስኮቱ ግን በመጋረጃ ተሸፍኗል።