ሹፌሩን አናጣድፈው



ዕርዳታ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ሰጪውንና ተቀባዩን ነው። በሁለቱ መካከል መሪ ጨብጦ የሚውለውን ሹፌር ግን እንረሳዋለን። እኔም ረስቼው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ የጤፍ ዘር ጭነን ከጎንደር ወደ አዲ አርቃይ እንሄድ ነበር። ዳባትን አልፈን ደባርቅ ስንደርስ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ጉሙም ወርዶ መንገዱን ሸፈነው። እንደምታውቁት ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚያወርደው የሊማሊሞ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከገደሉ ወገብ ላይ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል።

ሹፌሩ «እዚህ እናድራለን» አለ። እኔ ግን ዘሩን የሚጠብቁት ገበሬዎች ዝናቡ እንዳያልፍባቸው ሠግቼ፣ «ጋሼ፣ ዘግይተናል፤ ቀስ ብለን እንውረድ» አልሁት። እርሱም፣ «ወንድሜ፣ ዘሩ ነገ ቢደርስ ይዘራል፤ ገደል ከገባ ግን ማን ይለቅመዋል?» አለኝ።

የዘገየነው በእርሱ ጥፋት አልነበረም። የጭነቱን ወረቀት ሳላዘጋጅ በመቆየቴ ከጎንደር የተነሣነው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። እርሱ የሚከፈለው በምልልስ ስለሆነ ግን የአልጋውንና የራቱን ዋጋ ከኪሱ አወጣ።

በማግሥቱ ጉሙ ሲገፈፍ ወረድን። በጭነቱ ላይ ለመሳፈር የለመኑትን ሰዎች እያዘነ እምቢ አላቸው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገባ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚለቅ ሰው መኪናውን ለፍሬን ብቻ ይተወዋል፤ የፍሬን ሸራም እጅግ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። በየኩርባው ክላክስ አሰማ፤ ጭኖ ለሚወጣ መኪና ቆሞ አሳለፈ። ሰፋ ያለ ቦታ ባገኘ ጊዜም ፍሬኑ እንዲቀዘቅዝ ቆመ፤ ረዳቱም ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። ዘሩ ደረሰ፤ ተዘራም።

እንግዲህ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ የጭነቱን ወረቀት ከዋዜማው እንጨርስ። የአልጋ ገንዘብ በበጀታችን ውስጥ እንያዝ። «ትንሽ ኩንታል ብንጨምርስ?» አንበል። ሹፌሩ «እናድራለን» ሲል ቃሉን እንቀበል።

እናንተም ምእመናን፣ ስለ ተቀባዩ ስትጸልዩ፣ ቤተ ሰቡ በር በሩን እያየ የሚጠብቀውን ሹፌርና ረዳቱን አትርሱ።