ሁለት ዓይን፣ አንድ ዕይታ፦ «ሰነፍ» የተባለው ዓይን በእርግጥ ሰነፍ ነውን?



ንግግሬን በአንዲት ቀላል ሙከራ ልጀምር። በእጃችሁ ያለውን ወረቀት እንደ ቧንቧ ጠቅልላችሁ በቀኝ ዓይናችሁ ተመልከቱበት። የግራ መዳፋችሁን ወደ ፊታችሁ አዙራችሁ ከወረቀቱ ጎን አስጠግታችሁ ያዙት፤ ሁለቱም ዓይኖቻችሁ ክፍት ይሁኑ። መዳፋችሁ የተበሳ ይመስላል። ቀዳዳው እጃችሁ ላይ የለም፤ የፈጠረው ሁለት የተለያዩ ምስሎችን አንድ ለማድረግ የሚጥረው አንጎላችሁ ነው። የዛሬው ርእሴም ይኸው ውሕደትና ሳይሳካ ሲቀር የሚደርሰው ጉዳት ነው።

ዓይኖቻችን 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው ስለሚገኙ አንዱ የሚያየው ሌላው ከሚያየው በጥቂቱ ይለያል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን እ.ኤ.አ. በ1838 ለእያንዳንዱ ዓይን የተለያየ ሥዕል በሚያቀርብ ስቴሪዮስኮፕ በተባለ መሣሪያ፣ ይህ ልዩነት ጉድለት ሳይሆን የጥልቀት ስሜት ምንጭ መሆኑን አሳየ። ከሁለቱ ዓይኖች የሚነሡት መልእክቶች በጉዟቸው አብዛኛው ክፍል ተለያይተው ይቆዩና በአንጎል የኋላ ክፍል፣ ዕይታን በሚያስተናግደው ቅርፊት ላይ ይገናኛሉ። በዚያ ያሉ ብዙ የነርቭ ሕዋሳት ከሁለቱም ዓይኖች ይቀበላሉ። ሆኖም ውሕደቱ ተራ መደመር አይደለም፤ እያንዳንዱ ዓይን ሌላውን በመጠኑ ይገታል። ካምቤልና ግሪን እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳሳዩት፣ ደብዛዛ ነገርን በሁለት ዓይን የመለየት ችሎታችን በአንድ ዓይን ካለን የሚበልጠው በእጥፍ ሳይሆን በ1.4 ጊዜ ገደማ ነው።

ይህ ሚዛን በልጅነት የሚበጅ ነው። ዴቪድ ሂዩቤልና ቶርስተን ዊዝል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ለተወሰነ ጊዜ ዘግተው ሲከፍቱት፣ ለዚያ ዓይን ምላሽ የሚሰጡት የአንጎል ሕዋሳት እጅግ ጥቂት ሆነው አገኟቸው። በጎልማሳ ድመት ላይ ግን ይኸው መዝጋት ተመሳሳይ ጉዳት አላደረሰም። ለሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

በሰው ልጅም ሸውራራነት፣ የሁለቱ ዓይኖች የመነጽር ልክ መራራቅ ወይም አብሮ የተወለደ የዓይን ሞራ ሚዛኑን ሲያዛባ፣ አንጎል የአንዱን ዓይን መልእክት ችላ ማለት ይለምዳል። ሐኪሞች አምብልዮፒያ፣ ብዙ ሰው ደግሞ «ሰነፍ ዓይን» የሚለው ይህን ነው።

ስያሜው ግን ትክክል አይመስለኝም። ሁለቱን ዓይኖች የሚያዋሕደው ሥርዓት በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ጨርሶ እንደጠፋ ለረጅም ጊዜ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ዳንኤል ቤከር፣ ሮበርት ሄስና ባልደረቦቻቸው ለጠንካራው ዓይን የሚቀርበውን ምስል አደብዝዘው ሁለቱን ዓይኖች ሲያስተካክሉ፣ ውሕደቱ እንደ ጤነኛ ሰው ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ደካማው ዓይን ዝም ያለ ሳይሆን ዝም እንዲል የተደረገ ነው።

ከዚህ ግኝት ተነሥቶ ሁለቱንም ዓይኖች አብረው የሚያሠሩ የታብሌት ጨዋታዎች ተሠርተዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ በሕፃናት ላይ በተደረገ ሰፊ ሙከራ፣ አንዱ ጨዋታ ጠንካራውን ዓይን ከመሸፈን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ያማረ ሐሳብ ሁሉ ወዲያው መድኃኒት አይሆንም። መነጽርና መሸፈን ዛሬም የሕክምናው መሠረት ናቸው፤ ለመካከለኛ ሕመም በቀን የ2 ሰዓት ሽፋን ከ6 ሰዓት እንደማያንስም እ.ኤ.አ. በ2003 ታይቷል።

አበው «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይላሉ። የእኛ ችግር ግን ልጁ በአንድ ዓይን ብቻ እንደሚኖር አለማወቁ ነው። ሌላ ዕይታ ስለማያውቅ አያማርርም፤ ዓይኑ ካልተንሻፈፈ እናቱም መምህሩም አያስተውሉም። ጠንካራው ዓይን አንድ ቀን ሲጎዳ ብቻ ይገለጣል፤ ያኔ ደግሞ ሕክምናው ይበልጥ ይከብዳል።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በየሥራችሁ ሕፃን ሲቀርብላችሁ «ታያለህ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። አንዱን ዓይን ሸፍናችሁ ሌላውን ጠይቁት፤ ከዚያም አቀያይሩ። ዝም የተባለው ዓይን የሚናገረው ለብቻው ሲጠየቅ ነው።