ተባብሮ ስለ መጠየቅ

(በቂርያት ጋት ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)

  ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ሕዝብ ከታች ተነሥቶ ኑሮውን ለማሻሻል እንዴት እንደሚደራጅ ነው። ርእሱ ሲሰሙት ከበድ ይላል። ነገር ግን ዕድር ያቋቋመ፣ ደቦ የጠራ፣ ወይም የተጣሉ ቤተሰቦችን ሽማግሌ ሰብስቦ ያስታረቀ ሰው መደራጀትን ያውቀዋል። እዚህ አገር የሚለየው የሚንኳኳው ደጅና የሚነገረው ቋንቋ ነው።

ሩቅ ሳልሄድ እናንተ ራሳችሁ ከመጣችሁበት ነገር ልጀምር። (ዓመቱን የምናገረው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።) ብዙዎቻችሁ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላይ ዓመታት ጠብቃችኋል። በኖቬምበር 2015 የእስራኤል መንግሥት በኢትዮጵያ የቀሩትን ወደ 9,000 የሚጠጉ ወገኖች ለማምጣት ወሰነ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ነገሩ አለቀ ብሎ እልል አለ። ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ፣ በ2016 መጀመሪያ ላይ፣ በጀት የለም ተባለና ውሳኔው በወረቀት ቀረ።

እዚህ ያሉት ቤተሰቦች ምን አደረጉ? የእናታቸውን፣ የወንድማቸውን፣ የልጃቸውን ፎቶግራፍ ይዘው ኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጡ። «ፍትሕ ይሰጠን» ብሎ መጮህ ቀላል ነው፤ ሰሚውም ቶሎ ይረሳዋል። «ይህች እናቴ ናት፣ ጎንደር ናት» የሚል ሰው ግን በቀላሉ አይታለፍም። ሁለተኛው ነገር ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ መታወቁ ነው። በዚያ ጊዜ መንግሥቱ ከ120 የክኔሴት ወንበሮች የነበረው 61 ብቻ ነበር። ከገዢው ፓርቲ ሁለት ሰዎች፣ አብርሃም ንጉሤና ዳዊድ አምሳለም፣ ውሳኔው ካልተፈጸመ ከመንግሥት ጋር ድምፅ አንሰጥም አሉ። 61 ሲቀነስ 2 ስንት እንደሆነ ልጆቻችሁ ይነግሯችኋል። በኤፕሪል 2016 ስምምነት ተደረገ፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ሎድ አየር ማረፊያ ደረሱ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጥያቄው አልቆመም። በዲሴምበር 2020 የተጀመረው ጹር ይስራኤል የተባለው ዘመቻ የመጣው እነዚያው ሰዎች እየደጋገሙ ስለጠየቁ ጭምር ነው። ዛሬም ከመካከላችሁ ወንድሙ ወይም እኅቱ እዚያ የቀረችበት ሰው አለ። ይህን የምለው እንድታዝኑ ብዬ አይደለም፤ ውሳኔ ማስወሰንና ማስፈጸም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን እንድታውቁ ነው።

ይህን ባለማጠናቀቃችን የተጎዳንበትም ጊዜ አለ። በጃንዋሪ 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ፣ ወገኖቻችን በቅን ልቡና የለገሱት ደም በስውር እንደሚጣል ጻፈ። ከአራት ቀን በኋላ 10,000 የሚያህል ሕዝብ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ቆመ። አስለቃሽ ጋዝ ተተኮሰ፣ ብዙ ሰው ተጎዳ። መንግሥትም በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ። እኛም ወደ ቤታችን ተመለስን። በዲሴምበር 2013 ግን፣ ማለት ወደ 18 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ የክኔሴት አባል የሆነችው ፕኒና ታማኖ-ሻታ በዚያው በክኔሴት ግቢ ደም ልትለግስ ስትቀርብ አይሆንም ተባለች። ሰልፉ ስሕተት ነበር አልልም። ያን ቀን ያልወጣ ሰው ካለ እሱ ይፈር። የምለው፣ በማግስቱ ማን ደብዳቤ ይጽፋል፣ በየወሩ ማን ሄዶ ምን ደረሰ ብሎ ይጠይቃል የሚለው አስቀድሞ መታሰብ ነበረበት ነው።

በ1985 በኢየሩሳሌም በረባኑት ፊት የተደረገው አድማ ግን ከዚህ ይለይ ነበር። ቄሶችና ሽማግሌዎች፣ ወጣቶችና እናቶች አንድ ላይ ሆነው የበዓላቱን ቀናት ጨምሮ ለአንድ ወር ያህል ሜዳ ላይ ተቀመጡ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ አይሁድነታችን ይታወቅልን፣ እንደ አዲስ ገቢ ወደ ሃይማኖቱ ተጠመቁ አንባል። የጠየቁትን ሁሉ በዚያን ቀን አላገኙም። ሆኖም በኋላ የናታንያው ረቢ ዳዊድ ሽሉሽ ያን ሳይጠይቁ ጋብቻ ይመዘግቡ ስለነበር ከየከተማው ሙሽሮች ወደ እርሳቸው ይሄዱ ነበር። በር የሚከፈተው አንዳንድ ጊዜ እንዲህ በጎን ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ፤ ከሁሉ የምወደውም ይህን ነው።

መጀመሪያ የገባሁበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የፍሳሽ ቱቦ ፈነዳ። ሽታው እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣ ነበር፤ ልጆች እዚያ ያልፋሉ። አሥራ ስድስት ቤተሰብ ነበርን። እያንዳንዳችን በየተራችን ወደ ሚመለከተው ቢሮ ሄደን «ነገ ይመጣሉ» ተብለን ተመልሰናል። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። እኔ መሄዴን የላይኛዋ ጎረቤቴ አታውቅም፤ እሷ መሄዷን እኔ አላውቅም። ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው አሥራ ስድስት ቤተሰብ አላየም፤ አሥራ ስድስት ጊዜ አንድ አንድ ሰው ነው ያየው።

አንዲት እናት ቡና አፍልታ በየበሩ እያንኳኳች ጠራችን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ድሩን የሚሰበስበው ሰው ግን በተረቱ ውስጥ አልተነገረም። ያ ሰው እሷ ነበረች። ስትጠራም የኛን ሰዎች ብቻ አልጠራችም። ከታች የሚኖሩትን ከሞሮኮ የመጡ አሮጊትና ከሩሲያ የመጡትን ባልና ሚስትም ጠራች። እኔ በልቤ ምን ያደርጉልናል ብዬ ነበር፤ አፍሬአለሁ። አሮጊቷ በ1950ዎቹ በልጅነታቸው የመጡ ናቸው፤ የትኛው ቢሮ የትኛውን እንደሚፈራ ከእኛ ሁሉ ይልቅ ያውቁ ነበር። በ1971 ከኢየሩሳሌም ሙስራራ ሰፈር ስለተነሡት የሞሮኮ ልጆች፣ ራሳቸውን ጥቁር ፓንተሮች ብለው ስለሰየሙት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከእሳቸው ነው።

ያን ማታ ክርክሩ ረዘመ። አንዱ ስለ ቤት ኪራይ፣ አንዱ ስለ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ስለ አውቶቡስ አነሣ። ሁሉም እውነት ነው። አሮጊቷ ግን «አንድ ነገር ምረጡ፤ በሁለት ሳምንት ሊያልቅ የሚችል» አሉ። ቱቦውን መረጥን። ደብዳቤው አምስት መስመር ነበር፤ አሥራ ስድስት ፊርማ፣ የቤት ቁጥር፣ ቀን። ሦስት ሰዎች ይዘውት ሄዱ፤ አንዷ ዕብራይስጥ ጠንቅቃ የምታውቅ ወጣት ነበረች። ግልባጩ ላይ «ሂትካቤል» የሚል ማኅተም ካልተመታ አንወጣም አሉ። ቱቦው በዘጠኝ ቀን ተጠገነ። ከዚያ በኋላ ነው የሕንፃው ኮሚቴ፣ ቫዓድ ባይት የሚባለው፣ በትክክል የተመረጠው።

ስለ ደብዳቤ ካነሣሁ አንድ ሕግ ልንገራችሁ። ከ1958 ጀምሮ ባለ ሕግ መሠረት፣ የመንግሥት ሠራተኛ በሥልጣኑ ያለን ነገር እንዲያደርግ በጽሑፍ ሲጠየቅ በ45 ቀን ውስጥ ወስኖ በጽሑፍ መመለስ አለበት። እምቢ ካለም ምክንያቱን መጻፍ አለበት። በቃል የጠየቀ ሰው ይህ ሁሉ አይከተልለትም። ስለዚህ ጻፉ፣ ቀን አስፍሩ፣ ግልባጭ ያዙ፤ በፖስታ ከላካችሁ ዶዓር ራሹም በሚባለው በአደራ ፖስታ ይሁን፣ ደረሰኙንም አትጣሉ። እኔ ቤት ለዚህ ብቻ የተቀመጠ የጫማ ካርቶን አለ።

ሰላማዊ ሰልፍም ሕግ አለው። 50 ሰውና ከዚያ በላይ ሆኖ በመንገድ መጓዝ፣ ወይም ሜዳ ላይ ተሰብስቦ የፖለቲካ ንግግር ማሰማት ከታሰበ ከአምስት ቀን አስቀድሞ ከፖሊስ ፈቃድ ይጠየቃል። ንግግርና ጉዞ ሳይኖር ጽሑፍ ይዞ በአንድ ቦታ መቆም ግን ፈቃድ አያስፈልገውም። በጃንዋሪ 2012 በጎረቤታችን በቂርያት ማላኪ፣ ለኢትዮጵያውያን ቤት አንሸጥም አናከራይም ብለው የተስማሙ ነዋሪዎች እንዳሉ በቴሌቪዥን ሲነገር ከየከተማው ብዙ ሰው ወጥቶ ነበር፤ ቁጣው ኢየሩሳሌም ደረሰ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ሕጉን ቀድሞ ያወቀ ሰው ይጠቅማል።

አሁን ስለ «እሺ» ልናገር። እኛ ታላቅ ሰው ሲያናግረን አንገታችንን ደፍተን እሺ እንላለን። በእኛ ዘንድ ይህ አክብሮት ነው፤ ነገሩን መቀበል አይደለም። እዚህ ግን እሺ ማለት ተስማምቻለሁ ማለት ሆኖ ይመዘገባል። አንድ አባት ስለ ልጁ ትምህርት ቤት ተጠርቶ እሺ፣ እሺ ሲል ቆይቶ ፈርሞ ወጣ። ልጁ ወደ ሌላ ዓይነት ክፍል እንደሚዛወር የተረዳው ከልጁ ነው። ያልገባችሁን አትፈርሙ፤ «ወስጄ ላስነብበው» ማለት ነውር አይደለም። ብቻችሁንም አትሂዱ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ራሱ የሚነገረውን እንዲያስተረጉም ማድረግም ልጁን መጉዳት ነው። በየሕንፃው ሁለት ዕብራይስጥ የሚያውቁ ሰዎች ተራ ቢገቡ፣ ማንም እናት ብቻዋን ስብሰባ አትገባም። ይህ በጀት አይፈልግም።

ወጣቶችን በተመለከተ፣ ሽማግሌዎቻችን ሆይ አትቆጡኝ፤ ልጆቹ ቋንቋውን ያውቃሉ፣ እናንተ ሰውን ታውቃላችሁ። ልጁን ለማስተርጎም ብቻ ጠርታችሁ በውሳኔው ጊዜ ውጭ አታስቀሩት። ሴቶችም ቡናውን አፍልተው ዝም እንዲሉ አይደለም የተጠሩት፤ የእኛን ሕንፃ ማን እንደሰበሰበ ነግሬአችኋለሁ።

ገንዘብ ሲነሣ ደግሞ እንደ ዕድር ይሁን፤ የሚይዘው አንድ ሰው፣ መዝገቡን የሚያየው ሌላ ሰው። አምስት ሼቄል ብትሆንም ትጻፍ። ብዙ ማኅበር የተበተነው በጠላት ሳይሆን ባልተጻፈ ሼቄል ነው።

በሩ አጠገብ ወረቀት ተቀምጧል። ስማችሁን አይደለም የምጠይቀው፤ የሕንፃችሁን ቁጥርና እዚያ ስንት ቤተሰብ እንዳለ ጻፉ፤ ከሥሩም በሁለት ሳምንት ሊስተካከል የሚችል አንድ ነገር። አንድ ብቻ። መጻፍ የሚቸግረው ሰው ካለ እኔ ከወንበሩ አጠገብ እሆናለሁ፤ እየነገራችሁኝ እጽፋለሁ።