የሞደሙ ሰምና ወርቅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በኮምፒዩተር ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)





 የምንናገርለት ነገር ሲያዩት ትልቅ አይደለም። ቁመቱ ከአንድ ጣት የማይበልጥ፥ በኪስ ተይዞ የሚዞር፥ ሞደም የሚባል ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ትንሽ ዕቃ ምክንያት ያገኘነው ትምህርት ትንሽ ሆኖ ስላልታየን ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን።

በትምህርት ቤታችን ስድስት አሮጌ ኮምፒዩተሮች እንዳሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እነዚህ ኮምፒዩተሮች ከፍላሽ ወደ ፍላሽ በሚተላለፍ ቫይረስ ታመው፥ ተከፍተው ለሥራ እስኪዘጋጁ ድረስ የአንድ ክፍለ ጊዜ እኩሌታ ይፈጁ ስለ ነበር፥ ወደ ዕቃ ቤት ገብተው ይዘጋባቸው የሚል አሳብ ቀርቦ ነበር። የኮምፒዩተር መምህራችን ግን «ከመጣላቸው በፊት አንድ ነገር እንሞክር» ብለው የሁለት ሳምንት ጊዜ ለመኑ፤ ተፈቀደላቸውም። በዚያው ሳምንት ሊኑክስ የሚባለውን ጫኑባቸው።

ሊኑክስ ማለት የኮምፒዩተሩን አካላት ሁሉ የሚያዝና የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው። ነገሩ የተጀመረው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር በነበረ ሊኑስ ቶርቫልድስ በሚባል የ21 ዓመት ወጣት ነው። እርሱም በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩን ለሌሎች ገለጸ፤ ቀጥሎም ማንም ሰው ያለ ዋጋ ወስዶ እንዲሠራበት፥ ውስጡን እንዲመረምርና እንዲያሻሽል ፈቀደ። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በነሐሴ 1985 ዓ.ም.፥ ኢያን መርዶክ የተባለ ሌላ ወጣት ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት አስጀመረ። በእኛ ኮምፒዩተሮች ላይ የተጫነው ይኸው ዴቢያን ሲሆን፥ ማሽኖቹ ደካሞች ስለ ሆኑ መምህራችን የጫኑት እጅግ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። በዚህም ኮምፒዩተሮቹ እንደ ገና ነፍስ ዘሩ።

አንድ ነገር ግን ቀረ፤ እርሱም ኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በጥር 1989 ዓ.ም. ሲሆን፥ ወደ እኛ ክፍል ግን ገና አልደረሰም ነበር። ይህ ለጨዋታ የሚፈለግ ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር በ2016 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። በዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ሌላ በኮምፒዩተርም ለአንዳንድ ተማሪዎች ተሰጠ። እንግዲህ ከገጠር መጥቶ ኮምፒዩተር በእጁ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ በፈተና ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቢቀመጥበት፥ የሚፈተነው በሂሳብ ዕውቀቱ ነው ወይስ በጣቱ ፍርሃት? እኛን ያሳሰበን ይህ ነበር።

በዚህ ጊዜ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥቶ በአዲስ አበባ ሥራ የያዘ አንድ ታላቅ ወንድማችን ችግራችንን ሰምቶ ይሠራበት የነበረውን ሞደም ላከልን። ሞደሙም ከሰው ጋር በአውቶቡስ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፥ በደጀን በኩል አድርጎ ደረሰልን። ሞደም ማለት እንደ ስልክ ሲም ካርድ በውስጡ የሚገባበት፥ ከስልክ ማማ ጋር በሬዲዮ ሞገድ እየተነጋገረ ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት የሚያገናኝ ዕቃ ነው።

ቸኩለን ሰካነው። በስክሪኑ ላይ የታየው ግን እንደ ሲዲ ያለ ትንሽ ምስል ብቻ ሆነ። ብንከፍተው ለዊንዶውስ የተዘጋጀ ፕሮግራም አገኘን እንጂ ኢንተርኔት አላገኘንም። ሦስት ቀን ሙሉ ነቅለን ሰካን፥ ሰክተን ነቀልን። በመጨረሻም «ተበላሽቷል» ብለን ፈረድን። ይባስ ብሎም አንዳንዶቻችን «የማይሠራ ዕቃ ነው የላከልን» ብለን ሰጪውን አማነው። ይህን ዛሬ ስንናገር እናፍራለን፤ ነገር ግን እውነቱ ይህ ነው።

ከመካከላችን ወደዚህ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት ቅኔ ቤት የቆየ ጓደኛ አለ። እርሱም ዝም ብሎ ሲመለከተን ከቆየ በኋላ «እናንተ ሰሙን ብቻ አይታችሁ ቅኔው ስሕተት ነው ትላላችሁ፤ ወርቁን መቼ ፈለጋችሁት?» አለን። ዋሸራን፥ ጎንጅንና ዲማን በሚያህሉ የቅኔ ቤቶች በታወቀው በጎጃም ምድር እየኖርን ይህን መዘንጋታችን አሳፈረን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን በሥርዓት ለመመርመር ተነሣን።

መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ራሱን ጠየቅነው። በሊኑክስ «ኤል ኤስ ዩ ኤስ ቢ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ይህ ሲጻፍ ኮምፒዩተሩ በላዩ የተሰኩትን ዕቃዎች ከነመለያ ቁጥራቸው ይዘረዝራል። እያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ የፋብሪካው ነው፥ ሁለተኛው የዕቃው ነው። ለምሳሌ የሁዋዌ ፋብሪካ ቁጥር 12ዲ1 ሲሆን የዜድ ቲ ኢ ደግሞ 19ዲ2 ነው። የእኛም ሞደም ቁጥሩ በዝርዝሩ ውስጥ ተጽፎ አገኘነው። እንግዲያስ ዕቃው አልሞተም! ስሙን ይናገር ነበር፤ የሚጠይቀው ነበር የጠፋው።

ምክንያቱንም መምህራችን አስረዱን። የዚህ ዓይነት ሞደም ሁለት መልክ አለው። ገዢው የተለየ ሲዲ እንዳያስፈልገው ሲሉ ፋብሪካዎቹ የዊንዶውሱን ፕሮግራም በሞደሙ ውስጥ ያስቀምጡታል። ስለዚህ ሞደሙ መጀመሪያ ሲሰካ ሲዲ መስሎ ይቀርባል፤ ይህ ሰሙ ነው። በዊንዶውስ ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ «መልክህን ለውጥ» የሚል ትእዛዝ ሲልክለት ሞደምነቱን ይገልጣል፤ ይህ ወርቁ ነው። በሊኑክስ ይህን ትእዛዝ የሚልክ ዮሱዋ ዲትዘ የተባለ ሰው የጻፈው «ዩ ኤስ ቢ ሞድ ስዊች» የሚባል ፕሮግራም ነው። በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ አስቀድሞ ተጭኖ ይመጣል፤ የእኛ ግን በጥቂቱ የተጫነ ስለ ሆነ አልነበረውም።

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር ገጠመን። ፕሮግራሙን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ፕሮግራሙ ያስፈልጋል። ቁልፉ ከውስጥ ተረስቶ በሩ ከውጭ እንደ ተቆለፈ ቤት ሆነብን። የነበረን መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ፍላሽ ይዞ በእግር ወደ ደብረ ማርቆስ ከተማ መሄድና ከኢንተርኔት ቤት ቀድቶ መመለስ።

በመጀመሪያው ቀን ይዘን የተመለስነው ለ64 ቢት ማሽን የተዘጋጀውን ሆኖ ተገኘ፤ የእኛ ኮምፒዩተሮች ግን 32 ቢት ናቸው። በሁለተኛው ቀን ትክክለኛውን አመጣን፤ ኮምፒዩተሩ ግን «ይህ ፕሮግራም ያለ ጓደኛው አይሠራም» የሚል መልስ ሰጠን። ለካ የየሞደሙ ቁጥርና ትእዛዝ የተመዘገበበት ራሱን የቻለ ሌላ ፓኬጅ ኖሮታል። ሦስተኛውን ጉዞ የሄድነው የጎደለውን ሁሉ አንድ በአንድ በደብተር ጽፈን ነው። የቅኔ ተማሪ ዕውቀት ፍለጋ ከመምህር ወደ መምህር ስንት አገር በእግሩ ያቋርጥ የለምን? የእኛ ሦስት ጉዞ ከዚያ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ፓኬጆቹን ጭነን ሞደሙን ሰካነው። ጥቂት ሰከንዶች ቆይተን ትእዛዙን ደግመን ብንጽፍ የፋብሪካው ቁጥር እንደ ነበረ ሆኖ የዕቃው ቁጥር ተለውጦ አየን። ከተማችን መንቆረር ስትባል ኖራ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ደብረ ማርቆስ ተብላ እንደ ተጠራች፥ ሞደሙም በሌላ ስም ተጠራ። ሊኑክስም ሦስት የመነጋገሪያ በሮች ከፈተለት።

ከዚህ በኋላ ሚኒኮም በሚባለው ፕሮግራም ልናነጋግረው ብንሞክር «አልተፈቀደም» አለን። በዴቢያን እንደ እነዚህ ያሉትን በሮች ለመንካት ተራ ተጠቃሚ «ዳያል አውት» በተባለው ቡድን ውስጥ ስሙ መመዝገብ አለበት። መምህራችን የክበቡን ስም በዚያ አስገቡ፤ እኛም ወጥተን እንደ ገና ገባን። ከዚያም «ኤቲ» የሚሉትን ሁለት ፊደሎች ጻፍን። እነዚህ ፊደሎች «ልብ በል» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰዱ ሲሆኑ፥ ሄይዝ የተባለ ኩባንያ በ1973 ዓ.ም. ባወጣው ሞደም ከተጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ዛሬ ሞደሞች ይታዘዙባቸዋል። ሞደሙም «ኦኬ» ብሎ መለሰ። ተበላሽቷል ብለን የፈረድንበት ዕቃ አፍ አውጥቶ ሲመልስልን ክፍሉ በሙሉ በጭብጨባ ተናወጠ።

ሆኖም ሥራው ገና አላለቀም። የሞገዱ ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ስንጠይቀው 7 አለን። ይህ ቁጥር ከ0 እስከ 31 የሚደርስ ሲሆን፥ 7 ማለት ደካማ ነው። ምክንያቱን ያገኘነው ከፊዚክስ ትምህርታችን ነው። የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ብረት ደግሞ የሬዲዮን ሞገድ ይመልሳል። ሦስት ሜትር የሚሆን የዩ ኤስ ቢ ማራዘሚያ ገመድ ለምነን ሞደሙን ማማው ወዳለበት አቅጣጫ ባለው መስኮት ከፍ አድርገን ሰቀልነው፤ ቁጥሩም 15 ሆነ። እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ዴሲቤል ስለ ሆነ፥ የስምንት ቁጥር ልዩነት 16 ዴሲቤል ነው። በሎጋሪዝም ያሰላችሁ እንደ ሆነ የተቀበልነው ኃይል ወደ 40 እጥፍ እንዳደገ ታገኛላችሁ። ሎጋሪዝም ምን ይሠራል ብለን የጠየቅንበት ቀን ነበር፤ መልሱን ከመስኮቱ ላይ አገኘነው።

በመጨረሻም «ኔትወርክ ማኔጀር» በሚባለው ፕሮግራም የሲም ካርዱን ድርጅት መግቢያ ስም መሙላት ቀረ፤ ለኢትዮ ቴሌኮም ሲም ካርድ «ኢቲሲ ነጥብ ኮም» የሚለው ነው፤ የሚደወለውም ቁጥር ኮከብ 99 መሰላል ነው። ይህን ስናደርግ ገጹ ተከፈተ። በመጀመሪያ ያነበብነው የአማርኛውን ውክፔዲያ ነው። ቀጥሎም አንዱን ኮምፒዩተር ከአምስቱ ጋር በገመድ አገናኝተን ስድስቱም በአንድ ሞደም እንዲጠቀሙ አደረግን። ዳታ በገንዘብ የሚገዛ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ የወረደውን መልመጃ አስቀምጠን ሁላችንም ከዚያ እንማራለን።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ሁሉ ነገር ተሟላ ብለን አናታልላችሁም። ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን አለ፤ መብራት የሚጠፋበትም ቀን አለ። ስድስታችን በአንድ ጊዜ ስንከፍት ገጹ እየተጎተተ ነው የሚመጣው። ነገር ግን ኮምፒዩተሮቹ ዕቃ ቤት አልገቡም። በመጀመሪያው ቀን ማውዙን መንካት ፈርታ እጇን በነጠላዋ ሸፍና የነበረች አንዲት የ12ኛ ክፍል እኅታችን፥ ዛሬ የመለማመጃ ጥያቄዎችን ያለ ማንም ረዳትነት ትሠራለች፤ ለታናናሾቿም ታሳያለች።

እንግዲህ ከዚህ ሥራ ሦስት ነገር ተምረናል።

አንደኛ፥ ዕቃውን ሳይጠይቁ «ተበላሽቷል» ማለት ሰውን ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ነው። ሞደሙን ለላከልን ወንድማችን ይቅርታና ምስጋና በአንድ ደብዳቤ ጽፈን ልከንለታል።

ሁለተኛ፥ አንድ ሰው ያገኘውን ዕውቀት ለሌላው ባያካፍል ኖሮ እኛ የትም አንደርስም ነበር። ሊኑክስን የጻፉት፥ የሞደሞችን ቁጥር በትዕግሥት የመዘገቡት ሰዎች እኛን አያውቁንም፤ በድካማቸው ግን የእኛ ክፍል በራ።

ሦስተኛ፥ ያወቅነውን ካልጻፍነው ከእኛ ጋር ይሄዳል። እኛ በቅርቡ ተመርቀን እንወጣለን። ስለዚህ የሠራነውን ሁሉ ከስሕተታችን ጋር በአማርኛ ጽፈን በክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቅለናል። ከሌላ ዓይነት ሞደም ጋር የምትገናኙ ታናናሾቻችንም እንዳትደነግጡ ይህን ጨምረንበታል፦ አንዳንዱ አዲስ ሞደም እንደ ኔትወርክ ካርድ ሆኖ ይቀርባልና የመነጋገሪያ በር አትፈልጉለት፤ ማስተካከያው የሚገኘው በኢንተርኔት ማሰሻው ላይ ነው።

ውድ ታናናሾቻችን፤ ያን ወረቀት አንብቡት፥ ስሕተት ካገኛችሁበት አርሙት፥ የጎደለውን ጨምሩበት። በሚመጣው የምሥረታ በዓል በዚህ ስፍራ ቆማችሁ ከእኛ የተሻለ ነገር ስትናገሩ ለመስማት ያብቃን።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።