ሁለት የጉበት ሕመሞች በአንድ ታማሚ ላይ ሲገናኙ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የሰውነት መከላከያ ኃይል ተግባሩ ባዕድን መመከት ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ግን በገዛ አካሉ ላይ ይነሣል። የጉበትን ሕዋሳት ሲያጠቃ ኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስ፣ በጉበት ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የሐሞት ቧንቧዎች ሲያጠቃ ደግሞ ፕራይመሪ ቢሊያሪ ኮላንጃይተስ ይባላል። የዛሬው ንግግሬ ሁለቱ በአንድ ታማሚ ላይ ስለሚገናኙበት ሁኔታ ነው።

ድካምና የቆዳ ማሳከክ ያለባት ሴት ስትመረመር አልካላይን ፎስፋቴዝ ከፍ ብሎ፣ ፀረ ሚቶኮንድሪያ አንቲቦዲም ቢገኝባት፣ የቧንቧው ሕመም ታወቀ ብሎ ምርመራውን መደምደም ይቀናል። ይሁን እንጂ አላኒን አሚኖትራንስፌሬዝ ከመደበኛው ጣሪያ 5 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ ደግሞ 2 እጥፍ ከደረሰ፣ ሁለተኛውን ሕመም መጠርጠር ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የፓሪስ መመዘኛ ለእያንዳንዱ ሕመም ሦስት ሦስት ምልክቶችን አስቀምጦ፣ ከየወገኑ ቢያንስ ሁለት እንዲሟሉ ይጠይቃል። የአውሮፓ የጉበት ጥናት ማኅበር በ2009 መመሪያው ብግነቱ በጉበት ናሙና መረጋገጡን ግዴታ አድርጎታል። ስለዚህ ደም ብቻ ተመርምሮ ብይን አይሰጥም፤ የፓቶሎጂስቱ ቃል ያስፈልጋል።

በ2011 የዓለም አቀፉ የባለሙያዎች ቡድን እንዳስገነዘበው ድብልቁ ራሱን የቻለ ሦስተኛ በሽታ አይደለም። ታማሚው የሚመደበው ጎልቶ በሚታየው ሕመም ነው። ጥንቃቄው በከንቱ አይደለም። ብግነቱ ሳይታወቅ ቀርቶ ኧርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ ብቻ ቢሰጥ፣ ጉበቱ ወደ ሲሮሲስ ሊያመራ ይችላል። በአንጻሩ የቧንቧው ሕመም ብቻ ላለባት ሴት ፕሬድኒሶሎን ያለ በቂ ምክንያት ቢታዘዝ፣ ሕመሙ አስቀድሞ ያሳሳውን አጥንቷን ይብሱን ያዳክመዋል።

ሁለቱም ከተረጋገጡ፣ ኧርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ13 እስከ 15 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ፕሬድኒሶሎን ይታከልበታል፤ ቆይቶም የፕሬድኒሶሎኑን መጠን ለመቀነስ አዛታዮፕሪን ይጨመራል።

በአገራችን ግን ከዚህ የሚቀድም ግዴታ አለ። ሄፓታይተስ ቢ በሕዝባችን ዘንድ የተስፋፋ በመሆኑ፣ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ሳይመረመር ለተጀመረለት ሰው ያንቀላፋው ቫይረስ ሊነሣበት ይችላል። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ። ጫትና አንዳንድ መድኃኒቶች ኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስን የሚመስል ጉዳት ስለሚያስከትሉ፣ ታማሚውን ሳይነቅፉ መጠየቅ የምርመራው አካል ነው።

ባልደረቦቼ፣ የላቦራቶሪው ውጤትና የታማሚው ሁኔታ አልጣጣም ሲሉን፣ መድኃኒት ከመጨመራችን በፊት ብያኔያችንን እንደገና እንመርምር።